ማልያው ያው፣ ቡድኑ ሌላ

ጣርማ በርን አልፎ፣ ደብረ ሲናን ወደ ኋላ ትቶ ቁልቁል ወደ ይፋት የወረደ መንገደኛን ሸዋሮቢት ላይ የሚቀበሉት ሁለት ነገሮች ናቸው፤ ሙቀትና ባጃጅ። ባጃጅ የህንድ ኩባንያ ስም ነው። ኩባንያው ደግሞ በወጣትነቱ የጣሊያኑን ቬስፓ በፈቃድ ሲያመርት የኖረ ነው። ይህን የሚጠይቅ ተሳፋሪ ግን የለም። ካደረሰችው ይበቃዋል።

ወሬው ወደ ኳስ ሲዞር ነገሩ ይለወጣል። ዲኤስቲቪ ፊት የተቀመጠ የማንቸስተር ዩናይትድ ደጋፊ፣ እ.ኤ.አ በ2005 ክለቡን የጠቀለሉት ግሌዘሮች ስማቸው ሲነሳ ዛሬም ደሙ ይፈላል። ክለብ ባጃጅ አይደለማ!

ለዚህ ክርክር ከኳስ ሜዳ ውጪ ጥሩ ምስክር አለች፤ ኤምጂ የተባለችው የእንግሊዝ ስፖርት መኪና። ስሟ የመጣው ኦክስፎርድ ከነበረው ሞሪስ ጋራዥስ ነው። የጋራዡ ሥራ አስኪያጅ ሴሲል ኪምበር እ.ኤ.አ በ1920ዎቹ ተራውን የሞሪስ መኪና ወስዶ ቀለል ያለና ፈጠን የሚል አካል አለበሰው። ብልሃቱ ይኸው ነበር። ሞተሩ የሰፊው ሕዝብ መኪና ሞተር ስለሆነ ዋጋዋ አያስደነግጥም፤ ስትነዳ ግን ታስደስታለች። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ እንግሊዝ የነበሩ የአሜሪካ ወታደሮች ወደዷት፤ ገበያዋም አትላንቲክን ተሻገረ። በ1962 የመጣችው ኤምጂቢ እስከ 1980 ድረስ ከ500 ሺህ በላይ ተመረተች።

ታዲያ ማን ገደላት? ቻይና እንዳትሉ። ባለቤቶቿ፣ በኋላም ብሪቲሽ ሌይላንድ፣ ኤምጂቢን እዚህም እዚያም እየጠጋገኑ፣ ተተኪ ሳያዘጋጁላት 18 ዓመት አስሮጧት። አንድን አጥቂ ያለ ተቀያሪ 18 የውድድር ዘመን ማሰለፍ ማለት ነው። በ1979 የአቢንግደን ፋብሪካ ሊዘጋ ነው ሲባል ወዳጆቿ መኪናቸውን እየነዱ ለንደን ገብተው ተቃወሙ። ሰሚ አላገኙም፤ በ1980 ፋብሪካው ተዘጋ። ባለስምንት ማዕዘኑ አርማም በተራ የቤት መኪኖች ላይ ይለጠፍ ጀመር። በ2005 ኤምጂ ሮቨር ሲከስር 6 ሺህ ያህል ሠራተኞች ሥራ አጡ፤ ስሙን የቻይናው ናንጂንግ ገዛው፤ በኋላም ሳይክ ጠቀለለው። ዛሬ በኤሌክትሪክ የምትሄድ፣ ሳይበርስተር የተባለች ባለሁለት ወንበር ኤምጂ ቻይና ውስጥ ትመረታለች። መኪናዋ ጎበዝ ልትሆን ትችላለች። አርማው ያው ነው፤ አቢንግደን ግን የለም።

የሚያሳዝነው እንግዲህ የገዢው ዜግነት አይደለም። ገዢ የሚመጣው መጨረሻ ላይ ነው፤ ሞቱ የሚጀምረው ባለቤት ዛሬን ብቻ እየበላ ነገን ሲረሳ ነው።

ይህ የሩቅ አገር ተረት የሚመስለው ካለ ወደ ቤቱ ይመልከት። የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ቡድን ፈርሶ ከቆየ በኋላ ተመልሶ በ2016 ዓ.ም የፕሪሚየር ሊጉን ዋንጫ አነሳ። ደስ ይላል። ግን በመሃል በጠፉት ዓመታት የቡድኑ ደጋፊ የማንን ማልያ ለብሶ ከረመ? በበጀት ብቻ የቆመ ክለብ በጀቱ ሲቋረጥ ይወድቃል። ከሸዋሮቢት እስከ አዲስ አበባ ስለ ግሌዘር እየተቆጣ የሚያመሽ ደጋፊ፣ የራሱን አገር ክለብ ከታች ሆኖ ማን ተተኪ እያሳደገለት እንደሆነም ይጠይቅ። ጥያቄው መነሳት ያለበት ደግሞ በሩ ሳይዘጋ ነው። የኤምጂ ወዳጆች ለንደን የደረሱት ከረፈደ ነበር።