ሐውልቱ ተመልሷል፤ ጫካውስ?

በሮም የምንኖር ኢትዮጵያውያን በፋኦ ሕንፃ ፊት ለፊት ስናልፍ ዛሬም ቀና ብለን እናያለን። በ1937 (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) ከአክሱም ተዘርፎ የመጣው ሐውልት ቆሞ የነበረው እዚያ ነው። ኢጣሊያ በ1947 እመልሳለሁ ብላ ብትፈርምም፣ አገሩ የገባው በ2005 ነው። እስኪመለስ ድረስ ወገን ጮኋል።

ከዚያው አደባባይ ጥቂት ደቂቃ በእግር ሲኬድ ቪላ ቼሊሞንታና የሚባል መናፈሻ አለ። የኢጣሊያ የጂኦግራፊ ማኅበር ጽሕፈት ቤት በዚሁ ግቢ ነው። በ1895 ካፒቴን ቪቶሪዮ ቦቴጎን ወደ ኦሞ ያሰማራው ይኸው ማኅበር ነበር። ቦቴጎ ከዓድዋ ድል አንድ ዓመት በኋላ፣ በ1897፣ በምዕራብ ኢትዮጵያ በውጊያ ተገደለ። በጉዞው የተሰበሰቡት እንስሳት ግን አውሮፓ ገቡ። ከእነርሱም አንዷን፣ እንግሊዞች ሽሩ የሚሏትን አፈ ሹል ትንሽ ፍጥረት፣ የለንደኑ ሊቅ ኦልድፊልድ ቶማስ በ1898 በቦቴጎ ስም ሰየማት።

ነገሩ በዚህ አላበቃም። በ1990 ራይነር ሁተረርና ደሪክ ያልደን የተባሉ ተመራማሪዎች፣ በባሌ ተራሮች ደቡባዊ ተዳፋት ጉም ከሚያለብሰው የሀረና ጫካ፣ ሳይንስ የማያውቃቸውን ሁለት የሽሩ ዝርያዎች ይፋ አደረጉ። አንዷን «ክሮሲዱራ ሀረና» አሏት። ሌላዋ የቦቴጎን ስለምትመስል «ክሮሲዱራ ቦቴጎይደስ» ተባለች። አይጥ ይመስላሉ እንጂ አይጥ አይደሉም፤ የሚኖሩት ነፍሳትን እየበሉ ነው።

ስሟ ይቀየር ብለን አንሟገትም። በሳይንስ ሕግ ቀድሞ የወጣ ስም ይጸናል። እኛን የሚያሳስበን ሌላ ነው። የተዘረፈ ሐውልት ያለበት ቦታ ይታወቃል፤ ከ68 ዓመት በኋላም ቢሆን ተመልሷል። መኖሪያዋ ጠፍቶ ዘሯ ያለቀ ፍጥረት ግን ከየት ትመለሳለች?

በ2000 የባሌ ደን፣ ሀረናም ጭምር፣ ለሳምንታት ሲነድ ገበሬውም ወታደሩም ተማሪውም ተረባርቧል። በውጭ ካለነው ስንቶቻችን ስለ ደኑ ጠየቅን? በ2023 የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ ሆኖ መመዝገቡ ያስደስታል። ሆኖም እሳቱም፣ የእርሻው መስፋፋትም፣ ከአቅም በላይ የሚገባው መንጋም በወረቀት አይቆሙም። ነዋሪውን በማፈናቀልም ደን አይጠበቅም። ሕዝቡ በጫካው ጥላ ሥር የሚለቅመው የዱር ቡና አለው፤ ስሎው ፉድ የተባለው የኢጣሊያ ድርጅትም ደግፎታል። ቡናው ተገቢ ዋጋ ካገኘ፣ ጫካውን ቆሞ ማየት የገበሬው የራሱ ጥቅም ይሆናል።

ስለዚህ ወገኖቻችን፣ ስለ ሐውልቱ የተነሣው ድምፅ ስለ ሀረናም ይነሣ። ለፓርኩ ጥበቃ የተመደበው በጀት ስንት ነው? በደኑ ውስጥ ለእርሻ መሬት የሚፈቅደው ማን ነው? በሥልጣን ላይ ያለውን ሁሉ፣ ማንም ይሁን ማን፣ ይህን እንጠይቅ። የሀረናን ቡናም ፈልገን እንግዛ። ለልጆቻችን ስለ ዋልያና ስለ ቀይ ቀበሮ ስንነግራቸው እነዚህን ትንንሾችም አንርሳ።

«ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» እንዳይሆንብን፣ ሳይቃጠል በቅጠል እንበል።

ቸር ይግጠመን።