መሥዋዕቱ የማን ነው?

ባለፈው የስቅለት ዕለት አሰላ ነበርሁ። ስንሰግድ ውለን ወደ ቤት ስንመለስ አንዲት ጎረቤታችን እናቴን «ትልቋ ልጅሽ እንደምን ናት?» ብለው ጠየቋት። እናቴም «ምን ትሆናለች፤ ለወንድሞቿ ስትል ተሠዋች እኮ!» አለቻቸው። ሁሉም በአድናቆት ራሱን ነቀነቀ፤ እኔም ነቀነቅሁ። ሌሊቱን ግን ቃሉ እንቅልፍ ነሣኝ።

ታላቅ እኅቴ 8ኛ ክፍል እንደ ጨረሰች ትምህርቷን ትታ ለቤት ሠራተኝነት ዐረብ አገር ሄደች። ይህ እንግዳ ታሪክ አይደለም። ከጭላሎ ተራራ ግርጌ ባለው የገብስና የስንዴ አገር፥ በክርስቲያኑም በሙስሊሙም ቤት፥ እንዲህ ያለች ልጅ ሞልታለች። እርሷ በላከችው ገንዘብ ቤታችን ቆርቆሮ ለበሰ፤ የኔም የደብተርና የጫማ ዋጋ ከርሷ ይመጣል። እንግዲህ ጥያቄዬ አንድ ነው፤ ይህ በክርስትና ቋንቋ መሥዋዕት ሊባል ይገባዋልን?

ቤተ ክርስቲያን ስለ መስቀሉ ስታስተምር ደጋግማ የምትለው ክርስቶስ በፈቃዱ መሞቱን ነው። በጌቴሴማኒ ጴጥሮስ ሰይፍ በመዘዘ ጊዜ ጌታ ሰይፉን እንዲመልስ አዘዘው፤ የመላእክት ሠራዊት መጥራት ሲችል አልጠራም። መስቀሉን የፍቅር ምልክት ያደረገው ሥቃዩ ብቻ ቢሆን ኖሮ፥ ሥቃይማ በግራና በቀኝ የተሰቀሉት ወንበዴዎችም ቀምሰውታል። ልዩነቱ ፈቃዱ ነው።

በአገራችንም ይህን ፈለግ የተከተሉ አሉ። የኢትዮጵያ ወንጌላዊት ቤተ ክርስቲያን መካነ ኢየሱስ ዋና ጸሐፊ የነበሩት ቄስ ጉዲና ቱምሳ በደርግ ዘመን ታስረው ከተፈቱ በኋላ ወደ ታንዛኒያ የሚወጡበት መንገድ ተከፍቶላቸው ነበር። እርሳቸው ግን መንጋዬን ትቼ አልሄድም አሉ፤ ሐምሌ 21 ቀን 1971 ዓ.ም. ተይዘው ተወሰዱና ተገደሉ። ወይዘሮ አበበች ጎበና ደግሞ በ1970ዎቹ መጀመሪያ ግሸን ማርያምን ሊሳለሙ ወሎ ሄደው ረኃብ የጣለውን ሕዝብ አዩ። የያዙትን ዳቦ አካፍለው ሁለት ሕፃናት ይዘው አዲስ አበባ ገቡ። ልጆቹ በአንድ ዓመት ውስጥ 21 ሲደርሱ ከትዳርና ከልጆቹ አንዱን መምረጥ ግድ ሆነባቸው፤ ልጆቹን መርጠው ከሞቀ ቤታቸው ወጡ። በ2013 ዓ.ም. እስካረፉበት ጊዜ ድረስ የብዙ ሺሕ ሕፃናት እናት ሆነው ኖሩ።

ሁለቱም ሌላ በር ክፍት ነበረላቸው። ባይሰጡ ኖሮ ማንም አያስገድዳቸውም ነበር። ክብራቸውም ከዚህ ላይ ነው።

የኔ እኅትስ? ከፋሲካ በኋላ በስልክ «ፈቅደሽ ነው የሄድሽው?» ብዬ ጠየቅኋት። ጥቂት ዝም ብላ «እስከ ዛሬ እንዲህ ብሎ የጠየቀኝ የለም» አለችኝ። ሌላ አልጨመረችም፤ ስለ ጤናዬ ጠየቀችኝና ስልኩን ዘጋች።

ወላጆቼን ለመውቀስ አልተነሣሁም፤ እነርሱም ቢሆኑ በድህነት ተይዘው እንጂ ወደው አልላኳትም። እኅቴ አትወደንም ማለቴም አይደለም፤ እንደምትወደን ዐውቃለሁ። ነገር ግን ሳትጠየቅ የተወሰደባትን ዕድሜ «መሥዋዕት» ብለን ስንጠራው የምናከብረው እርሷን ነው ወይስ የራሳችንን ኅሊና የምናስተኛበት ነው? ወንጌል ውስጥ ጌታ ፈሪሳውያንን የገሠጸበት የነቢዩ ቃል፥ እግዚአብሔር ከመሥዋዕት ይልቅ ምሕረትን እንደሚወድ የሚናገር ነው። በሌላ ሰው ሕይወት የሚቀርብ መሥዋዕት ምሕረት የጐደለው ነው።

አንዳንድ ወንድሞች «የሚወድ ሰው የሰጠውን አይቈጥርም» ብለው ይቃወሙኝ ይሆናል። እውነት ነው፤ ሰጪ አይቈጥርም። ተቀባይ ግን መቍጠር አለበት። ተቀባይም ካልቈጠረ ፍቅር የነበረው ነገር ግብር ሆኖ ይቀራል፤ ግብርም ከአንዷ ሲያልቅ ወደ ሌላይቱ ይተላለፋል።

ይህን የምለው ያለ ምክንያት አይደለም። ታናሽ እኅቴ ዘንድሮ 8ኛ ክፍል ናት፤ በቤታችንም ስለ ፓስፖርት መወራት ጀምሯል። ስለዚህ ለኔ ይላክ የነበረው ገንዘብ ለርሷ ትምህርት እንዲውል ለቤተ ሰቦቼ ነግሬአለሁ፤ እኔም ከትምህርት ሰዓት ውጭ ልጆች እያስጠናሁ ወጪዬን ለመሸፈን ጀምሬአለሁ። ይህ ትንሽ ነገር ነው፤ መሥዋዕት ብዬ አልጠራውም። ዕዳ መክፈል ነው።

ውድ የትምህርት ጓደኞቼ! በዚህ ግቢ ውስጥ ካለነው መካከል ስንቶቻችን በእኅት ዕድሜ እንደምንማር ልባችን ያውቀዋል። ክረምት ሲገባ ወደየቤታችን እንመለሳለን። የሄደችውን ጠይቋት፤ ያለችውም እንዳትሄድ ተሟገቱላት። መስቀሉን የምንሳለም ከሆነ፥ ሸክሙን ደግሞ ተራ በተራ እንያዘው።