ኦሞራቴ ገደል የላትም፤ እና?

ስካውት ሲባል ለብዙዎቻችን ቶሎ ትዝ የሚለን ስካርፍና ፊሽካ ነው። በበዓል ቀን ሰልፍ ማስያዝ፣ እንግዳ ሲመጣ ሰላምታ መስጠት፣ በቃ። ልጆቹን ድንጋይ መውጣት እናስተምራቸው ስንል «የፈረንጅ ቅብጠት!» እንባላለን። ኦሞራቴ ይጀመር ስንልማ ይሳቅብናል። «እዛ ምን ገደል አለና?»

እውነት ነው፣ የለም። ኦሞራቴ ከባህር ወለል በላይ 400 ሜትር እንኳን የማትሞላ፣ በሙቀት የምትነድ የኦሞ ዳር ሜዳ ናት። ያላት ወንዝ ነው። ነሐሴ 1998 ዓ.ም. ይሄው ወንዝ ሞልቶ በዳሰነች ምድር ከ360 በላይ ሰዎች መሞታቸው ተዘግቧል። ብዙዎች በውሃ ተከበው ጀልባና ሄሊኮፕተር ሲጠብቁ ነበር። በቅርብ ዓመታትም ጎርፉ አስር ሺዎችን አፈናቅሏል።

ቋጠሮ ማወቅ ጎርፍ አያቆምም፤ አልጠፋንም። ግን እስቲ አስቡት፦ ስምንት ቁጥር ቋጠሮ አስሮ ደግሞ የሚፈትሽ፣ የጓደኛውን ክብደት በገመድ መያዝ የለመደ፣ ከፍታ ላይ ሲፈራ መተንፈስ የተማረ የ14 ዓመት ልጅና ፊሽካ ብቻ የያዘ ልጅ እኩል ናቸው?

«የፈረንጅ» ለምትሉት ደግሞ ደብረ ዳሞ ሂዱ። (እኛ ሴቶቹ ከታች ቆመን እንጠብቃችኋለን፤ መውጣት ክልክል ነዋ!) 15 ሜትር ያህል ቀጥ ያለ ገደል ነው። አንዱን የጠፍር ገመድ በእጅ ይዘው ይወጣሉ፣ ሌላው ወገብ ላይ ይታሰራል፣ ከላይ ያለው መነኩሴ ይስበዋል። የአውሮፓ ጂሞች በክፍያ የሚያስተምሩት ይሄንኑ አይደል? ገርዓልታ አቡነ የማታ ጉህ ቤተክርስቲያን የሚሄድ ምእመንም በባዶ እግሩ ድንጋዩን ጨብጦ ነው የሚወጣው፤ እዛ እንኳን ሴትም ትወጣለች። ድንጋይ መውጣት ኦሎምፒክ የገባው ገና ሐምሌ 2013 ዓ.ም. ቶኪዮ ላይ ነው። እኛ ዘንድ ስንት ዘመኑ!

ገደል ከሌለ ግድግዳ አለ። ጠንካራ የትምህርት ቤት ግድግዳ ላይ መጨበጫ በብሎን ይታሰራል፣ ከስር ፍራሽ ይነጠፋል፣ ልጆቹ ከሰው ቁመት ብዙ ሳይርቁ ወደ ጎን እየተሳቡ ይለምዳሉ። ሙቀት ስላለ በጠዋት። ቀጥሎ ገመድ፣ ከዚያ ወደ ሐመር ኮረብታዎች።

አንድ ነገር ላይ ግን አንደራደርም። የእቃ ማሰሪያ ገመድ የመውጫ ገመድ አይደለም! የመውጫው ሲወድቁ ስለሚለጠጥ ነው ወገብ የማይሰብረው። ሄልሜት ሳይኖር፣ የሰለጠነ ሰው ሳይኖር፣ ለፎቶ ብላችሁ ልጅ ድንጋይ ላይ እንዳትሰቅሉ። ይሄ አገር «አስጀመርን» ብሎ ሪፖርት መጻፍ ይወዳል።

ብር የለም እንዳትሉን። ለሰልፍ ዩኒፎርምና ለባነር የሚገኘው ከየት ነው? ከሱ ላይ ቀንሱና ሁለት ገመድ ግዙ፣ ወደ ኦሞራቴ ላኩ። አሰልጣኙም አብሮ ይሂድና ክረምቱን እዛው ይክረም።