የሪያድ የቺፕ ውጥንና የከርነል ባለሙያዎች

ሳዑዲ ዓረቢያ ቴክኖሎጂን ከመሸመት ወደ ማምረት ለመሸጋገር እየሠራች ነው። መቀመጫውን ሪያድ ያደረገው አላት ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2024 ተመሥርቷል፤ በዚያው ዓመት ይፋ የሆነው ብሔራዊ የሴሚኮንዳክተር ማዕከልም እስከ 2030 ድረስ 50 የቺፕ ንድፍ ኩባንያዎችን የመሳብ ዓላማ ይዟል።

በመሣሪያዎች ውስጥ የሚገጠሙ ቦርዶች ግን በቺፕ ብቻ አይሠሩም። አብዛኞቹ ቺፑን ከፕሮግራሞች ጋር የሚያገናኝ የሥርዓተ ክወና እምብርት፣ ማለትም ከርነል፣ ያስፈልጋቸዋል። እ.ኤ.አ. በ1991 የተጀመረው ሊኑክስ ምንጭ ኮዱ ለሁሉም ክፍት ስለሆነ፣ መሐንዲሶች የማይፈልጉትን ክፍል አስቀርተው፣ በሌላ ኮምፒውተር ላይ ለቦርዱ ፕሮሰሰር በሚስማማ መልኩ ገንብተው ይጭኑታል። ትርፍ ክፍል ሲቀነስ የጥቃት መግቢያ በሮችም ይቀንሳሉ።

እ.ኤ.አ. በኦገስት 2012 በሳዑዲ አራምኮ ላይ የደረሰው የሳይበር ጥቃት 30 ሺህ ገደማ ኮምፒውተሮችን ከሥራ ውጪ አድርጎ እንደነበር ሲታወስ፣ ደኅንነት ለነገ የማይባል ጉዳይ መሆኑ ግልጽ ነው።

ሆኖም የራሱን ከርነል የሚሠራ ተቋም የደኅንነት ማስተካከያዎችን እየተከታተለ ከርነሉን ደግሞ መገንባትና በየቦርዱ ማደስ ይጠበቅበታል፤ ቸል ካለ ያተረፈው ስጋትን ነው። ስለዚህ የውጥኑ ስኬት የሚለካው በፋብሪካ ብዛት ብቻ ሳይሆን፣ ቦርዱ ከተሸጠ ከዓመታት በኋላም ከርነሉን የሚያድሱ የአገር ውስጥ መሐንዲሶችን በማፍራት ጭምር ነው።