ጦርነቱ ያበቃው በፎቶግራፍ ነው

«ፎቶግራፍ አይዋሽም» ይባላል። እንቀበለው። ከፎቶግራፉ ግርጌ የሚጻፈው መግለጫ ግን ይዋሻል። ከውሸቶቹ ሁሉ የከፋው ደግሞ ሁለት ቃል ብቻ ነው፦ «የጦርነቱ ፍጻሜ»።

እስቲ አንባቢ ሆይ፣ የ1983ን ዓ.ም. ሥዕሎች አስታውስ። ግንቦት 15 ቀን ከመቆሚያው የተነቀለው የሌኒን ሐውልት፣ ግንቦት 20 ቀን አዲስ አበባ የገቡት ታንኮች፣ በላያቸው የተቀመጡት ወጣት ታጋዮች። ግንቦት 20 በየዓመቱ በተከበረ ቁጥር እነዚህ ሥዕሎች ሲታተሙና ሲታዩ ኖሩ። ማን አነሳቸው? የት ቆሞ? በስንት ሰዓት? ብዙውን ጊዜ መልሱ «ከማኅደር» የምትል አንዲት ቃል ነበረች። ማኅደሩ የማን እንደሆነ የጠየቀ ጥቂት ነው።

ለመሆኑ ጦርነቱ ግንቦት 20 አብቅቶ ነበርን? መልሱን ካሜራ ተሸካሚው ራሱ በአካሉ ከፍሎበታል። የኮረምን ረሃብ በጥቅምት 1977 ዓ.ም. ለዓለም ያሳየው ኬንያዊው መሐመድ አሚን፣ ታንኮቹ በገቡ በሳምንቱ አዲስ አበባ ውስጥ የጥይት መጋዘን ሲፈነዳ ግራ እጁን አጣ። የድምፅ ባለሙያው ጆን ማታይ እዚያው ሞተ። «የፍጻሜው» ሥዕል ታትሞ ካለቀ በኋላ መሆኑ ነው! በመቶ ሺሕ የሚቆጠረውና በየግንባሩ የተበተነው ወታደርስ? ወደየቀየው ሲጓዝ የት አየነው?

ነገሩን ከዋና ከተማው ወጣ ብለን ከኮን እንየው። ኮን የዋድላ ወረዳ ከተማ ናት፤ ከወልድያ በጋሸና አድርጎ ወደ ደብረ ታቦር በሚሄደው መንገድ ላይ፣ ብርዳማው ደጋ ላይ ተቀምጣለች። ዋድላን ጦር ሲያልፍባት ኖሯል እንጂ ማንም «የፍጻሜ» ፎቶግራፍ አንስቶባት አያውቅም።

በ1860 ዓ.ም. አፄ ቴዎድሮስ ሴባስቶፖልን ከደብረ ታቦር ወደ መቅደላ ሲያስጎትቱ ዋድላን አቋርጠው፣ የጂዳን ገደል ቆርጠው መንገድ አበጁ። የናፒየር ጦር በላስታ በኩል መጥቶ በዚያው መንገድ ወረደ። ከእንግሊዞቹ ጋር የመሐንዲስ ጦሩ ፎቶግራፍ አንሺዎች ነበሩ፤ መስታወታቸውንና መድኃኒታቸውን በእንስሳ አስጭነው የመጡ። የዚያን ጊዜ ጋዜጣ ፎቶግራፍ ማተም ስለማይችል አንባቢው ያየው በእንጨት የተቀረጸውን ነው። የተፈቱት አውሮፓውያን እስረኞች በቡድን ተቀምጠው ተነሡ፤ የሰባት ዓመቱ ልዑል ዓለማየሁ እንግሊዝ ተወስዶ ተነሣ። ለለንደን ጦርነቱ አበቃ።

ለላስታስ? ናፒየር ሲመለስ መድፍና ጠመንጃ ለደጃች ካሣ ትቶ ሄደ። የላስታው ዋግሹም ጎበዜ አፄ ተክለ ጊዮርጊስ ተብለው ነገሡና በ1863 ዓ.ም. አድዋ አጠገብ በዚያው ካሣ ተሸነፉ። «ፍጻሜ» የተባለው የሚቀጥለውን ጦርነት መሣሪያ አስረክቦ ነው የወጣው።

ይህ የድሮ ታሪክ ነው የሚል ካለ የትናንቱን ይመልከት። ጥቅምት 23 ቀን 2015 ዓ.ም. ፕሪቶሪያ ላይ አቶ ሬድዋን ሁሴንና አቶ ጌታቸው ረዳ የፈረሙበትን ሰነድ ይዘው ተነሡ። ያ ስምምነት የሰው ሕይወት አትርፏል፤ እሱን አልክድም። ነገር ግን በ2014 ዓ.ም. የጋሸና ግንባር እሳት ያረፈበት የዋድላ ገበሬ በዚያ ፎቶግራፍ ውስጥ የለም። ዘጠኝ ወር ቆይቶ፣ ሐምሌ 28 ቀን 2015 ዓ.ም. በአማራ ክልል የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ። በዚያው ሰሞን ላሊበላና አካባቢዋ እንደገና የተኩስ ድምፅ ሰሙ። «ፍጻሜው» ዓመት እንኳ አልደፈነም!

«ጋዜጣ የዕለት ነገር ነው፤ ፎቶግራፍ አንሺ በየቀበሌው ሊቆም አይችልም» የሚሉኝ አሉ። እውነት ነው፤ አይችልም። ስለዚህም ነው ያላየውን አይቻለሁ እንዳይል የምንጠይቀው። ታንክ ሲገባ ያነሳ «ታንክ ገባ» ይበል። ሰነድ ሲፈረም ያነሳ «ሰነድ ተፈረመ» ይበል። ቀኑን፣ ቦታውን፣ የአንሺውን ስም ይጻፍ። «ጦርነቱ አበቃ» ማለት የሱ ሥልጣን አይደለም። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም፤ ማብቃቱን የሚያውቀው የተወጋው ነው።

ይህ የቃላት ጭቅጭቅ የሚመስለው ሰው ይኖር ይሆናል። አይደለም። ጦርነት አበቃ ብሎ የታተመ አገር ካሣ አይጠየቅበትም፤ የጠፋ ልጅ አይፈለግበትም፤ የፈረሰ ጤና ጣቢያ ቶሎ አይሠራበትም። ፋይሉ ተዘግቷላ!

የጦርነት መጨረሻ ፎቶግራፍ የሚፈልግ አዘጋጅ ከታንኩ ሥዕል ዘወር ይበል። በየቤቱ ግድግዳ ላይ የተሰቀለ፣ በከተማ ፎቶ ቤት የተነሣ፣ የወታደር ልብስ የለበሰ ልጅ አለ። ከነዚያ ልጆች ያልተመለሱ አሉ። ጀርባውን ገልብጡት፤ ስሙን፣ የተነሣበትን ዓመተ ምሕረት፣ የዘመተበትን ግንባር ከእናቱ ጠይቃችሁ ጻፉበት። እሷ ሳትሞት። ሌኒን ወድቆ የተነሣውን ሥዕል ዓለም ሁሉ ይዞታል፤ የዚህ ልጅ ግን ያለው አንድ ቅጂ ብቻ ነው።