ተረት ነው ብሎ መሳቅ

በካራ ከሚኖሩ ተማሪዎቼ ጋር ወደ የካ ተራራ ወጥተን፥ ከዓለት የተፈለፈለውን ዋሻ ሚካኤልን ጐበኘን። አንድ ሽማግሌ ካህን፥ «ይህን ያሠሩት አብርሃና አጽብሐ ናቸው» ብለው፥ በ4ኛው ምዕተ ዓመት እንደ ነገሡ ስለሚነገርላቸው ወንድማማቾች አጫወቱን። የታሪክ አጥኚዎች ሕንጻውን ወደ 12ኛው ምዕተ ዓመት ወይም ከዚያ ወዲህ እንደሚያመጡት አንዱ ተማሪ ከእኔ ሰምቶ ነበርና፥ «ተረት ነው!» ብሎ ሳቀ። አባ ዝም አሉ። እኔም አፈርሁ፤ ዘመን መቁጠርን እንጂ ሰው ማክበርን አላስተማርሁትም ነበርና።

እውነት ይደበቅ አልልም። በክፍል ብጠየቅ ዛሬም ያንኑ እመልሳለሁ። ነገር ግን አባ የሁለቱን ነገሥታት ስም ሲጠሩ፥ እምነታቸው ከአክሱም ጀምሮ የተቀበሉት አደራ መሆኑን መናገራቸው ነው። በላሊበላም ቀን ሰው፥ ሌሊት መላእክት ጠረቡ ይባላል። እንዲህ ያለ ቃል ባይኖር፥ ያን ሁሉ ዘመን ዓለቱን ማን በጠበቀው?

ስለ ንጉሡ ነጃሺ ደግነት በትግራይ ነጋሽ የሚተርከውም ሙስሊም ይኸው ክብር ይገባዋል። እንግዲህ ወጣት አንባቢዬ፥ የሌላውን ሰው የእምነት መነሻ ስትሰማ፥ «መቼ ሆነ?» ከማለትህ በፊት፥ «ለእርስዎ ምንድር ነው?» ብለህ ጠይቅ።

በሚመጣው እሑድ ልጁን ይዤ እወጣለሁ። የተማረውን እንዲክድ አላስገድደውም፤ ይቅርታ ግን አብረን እንጠይቃለን።