ለዕጩ መምህሯ እውነቱን ማን ይንገራት?

በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ከተፈተኑት ውስጥ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ መሆናቸው ከተሰማ ወዲህ፣ ስለ መምህራን ብቃት ያልተናገረ የለም። መምህራን ይመዘኑ ተባለ፤ የምልመላው መስፈርት ይጥበቅ ተባለ። መምህሩ ማስተማርን ስለሚማርበት ቦታ ግን ብዙ አልተወራም። ቦታው ዕጩው ለማስተማር ልምምድ (ፕራክቲከም) የሚመደብበት ትምህርት ቤት ነው፤ እዚያ የሚያስተምረው ደግሞ ከክፍሉ ጀርባ ተቀምጦ የሚከታተለው አማካሪ መምህር ነው።

በዚህ ሥራ ያለፈ ሰው የሚከተለውን ትዕይንት ያውቀዋል። ዕጩ መምህሯ ስድስተኛ ክፍል ገብታ የክፍልፋይ መደመርን ታስተምራለች። ሰሌዳው ላይ አንድ ምሳሌ ሠርታ ዞር ትልና «ገባችሁ?» ትላለች። ክፍሉ በአንድ ድምፅ «አዎ ቲቸር!» ይላል። ሌላ ምሳሌ ትጨምራለች፤ «ገባችሁ?» «አዎ ቲቸር!» በመጨረሻው ረድፍ የተቀመጡት ልጆች ደብተር ላይ ግን ሁለት ሦስተኛና አንድ ሁለተኛ ተደምረው ሦስት አምስተኛ ሆነዋል፤ ላዕሉን ከላዕል፣ ታህቱን ከታህት ደምረውታል። «አዎ» ሲባል ከሁሉም በላይ የጮኹት እነሱ ናቸው።

አማካሪው ይህንን አይቷል። ደወል ሲደወል ግን ቅጹን ያወጣል፦ ሰሌዳ አጠቃቀም 4፣ የክፍል አያያዝ 4፣ ድምፅ 5። ይፈርምና «ጎበዝ፣ በርቺ!» ብሎ ወደ ቀጣዩ ክፍለ ጊዜው ይሮጣል። ዕጩዋም ደስ ብሏት ትወጣለች። ስለ ሦስት አምስተኛው የነገራት የለም።

ለምን አልነገራትም? አንደኛ፣ አስተያየቱና ውጤቱ በአንድ ወረቀት ላይ ስለሆኑ፣ ድክመቷን መጻፍ ነጥቧን መቁረጥ ይሆንበታል፤ ይሉኝታ ይይዘዋል። ሁለተኛ፣ ጊዜ የለውም፤ የራሱ ክፍለ ጊዜዎች ሳይቀነሱለት ነው አማካሪ የተባለው። ተቃራኒውን የሚያደርጉም አሉ፤ ተማሪዎች ፊት «ተሳስተሻል» ብለው የሚያቋርጡ። እንዲህ የታረመች ዕጩ የምትይዘው ትምህርቱን ሳይሆን ሐፍረቱን ነው።

ችግሩ የመመሪያ እጦት አይደለም። በ1990ዎቹ አጋማሽ የተጀመረው የመምህራን ትምህርት ሥርዓት ማሻሻያ፣ በተለምዶ «ቴሶ» የሚባለው፣ ፕራክቲከምን የሥልጠናው ምሰሶ አድርጎታል። የተከታታይ ሙያ ማሻሻያው ማዕቀፍም አዲስ መምህር ለሁለት ዓመት በአማካሪ እየተደገፈ የሙያ ትውውቅ እንዲያደርግ ያዛል። ይህ ሁሉ ፋይል ሆኖ መደርደሪያ ላይ ሲቀመጥ የሚጎድለው አንድ ነገር ነው፤ ከክፍል መልስ ሁለት ሰዎች ቁጭ ብለው የሚነጋገሩበት ሃያ ደቂቃ።

ለእንዲህ ያለው የእርማት ባህል እንግዶች ነን ማለትም አይቻልም። በቅኔ ቤት ተማሪው ቆጥሮ ያመጣውን ቅኔ ለመምህሩ ያሰማል፤ መምህሩ ቤት የጎደለውን፣ ሰሙና ወርቁ ያልተስማማውን ነቅሶ ያርመዋል። ተማሪው በነጋታው ሌላ ቅኔ ይዞ ይመጣል። እርማቱ የዕለት ሥራ ስለሆነ እንደ ውርደት የሚያየው የለም።

እንግዲህ ምን ይደረግ? የመጀመሪያዎቹ የክፍል ምልከታዎች ነጥብ አይሰጥባቸው፤ ነጥቡ ለመጨረሻው ይቆይ። አማካሪው ያኔ ሳይሳቀቅ ያየውን ይናገራል፣ ዕጩዋም ለውጤቷ ሳትሰጋ ትሰማለች። አማካሪነት ደግሞ እንደ ሥራ ይቆጠርና ከሳምንታዊ ክፍለ ጊዜው ይቀነስለት። መምህር በጠፋበት ትምህርት ቤት ይህ ቅንጦት ነው የሚል ይኖራል። ነገር ግን ያልታረመች ዕጩ ነገ ሠላሳ ዓመት ታስተምራለች፤ ሦስት አምስተኛውም በየዓመቱ ወደ አዲስ ልጆች ደብተር ይተላለፋል። የትኛው እንደሚከብድ ማስላት አያቅትም።

ምክሩም መልክ ይኑረው። ጥሩ አማካሪ ፍርዱን ከማስቀደሙ በፊት «እንደገባቸው በምን አወቅሽ?» ብሎ ይጠይቃል፤ ከዚያ በዓይኑ ያየውን ይነግራታል። ስሕተት ሁሉ በአንድ ቀን አይዘረገፍም፤ ለነገው ክፍል አንድ ነገር ይመረጣል። ለምሳሌ «ገባችሁ?» ማለቱ ቀርቶ ሦስት ልጆች ወጥተው ሰሌዳ ላይ እንዲሠሩ። ከዚያም አማካሪው ተመልሶ ገብቶ ያያል። ተመልሶ ካላየ ምክሩ ወሬ ሆኖ ይቀራል።

ዕጩ መምህራንም የድርሻችሁ አለ። «እንዴት ነበር?» ብሎ የጠየቀ «ጥሩ ነው» ተብሎ ይሸኛል። «የኋላ ረድፍ ልጆች ምን ሲሠሩ ነበር?» ብላችሁ ጠይቁ፤ መልሱን ጻፉት፤ ከመልሱ ጋርም አትጣሉ።

የትምህርት ሚኒስቴርና የክልል ትምህርት ቢሮዎች መምህራንን ለመመዘን የሚያወጡትን ጉልበት ያህል፣ ዕጩዎችን ለሚያርሙት አማካሪዎች ጊዜ ለመስጠት ያውጡ። ፈተና ጉድለትን ያሳያል እንጂ አይሞላም።